አጎዛ ላይ የሚሠራ ኪቦርድ

ሰገነት በሕይወቷ ዕቃ መርጣ አታውቅም፤ ዕቃው ነው እሷን የሚመርጣት። ጫማ ልትገዛ ገብታ ሻጩ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ካሰረላት ነገሩ አለቀ። ጣቶቿ እርስ በርስ እየተራገጡ «ልክክ ብሏል» ትላለች። ሰው ያን ያህል ጎንበስ ብሎ ካሰረላት በኋላ በምን አፏ «ጠበበኝ» ትበል? አልጋዋ ሥር ያለው ሻንጣ በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የተሞላ ነው፤ እጅጌው የሚያጥር ሹራብ፣ ቀለሙን አይታ የማታውቀው ዓይነት ቢጫ ሻርፕ፣ ሻጩ ሦስት ጊዜ ታግሎ ስላልከፈተው አሳዝኗት የገዛችው ጃንጥላ።

«አንቺ እኮ ገበያ የምትወጪው ልትገዢ አይደለም፤ ነጋዴ ልታጽናኚ ነው» ትላታለች ሰብሌ። ሰብሌ አብራት ላሊበላ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምር ጓደኛዋ ናት፤ የምታስተምረው ሒሳብ፣ ንግግሯም እንደዚያው የተቆረጠ ነው።

ሰገነት የምታስተምረው አማርኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ግጥም አጥንታለች። ቤት ሲመታና ሲፋለስ ከሩቅ ትሰማለች፤ የሌላ ሰው ግጥም ቢሰጧት ዐጥንቱን ቆጥራ ትመልሳለች። የራሷን ግጥም ድምፅ አውጥታ እንድታነብ የጠየቋት ቀን ግን ወረቀቱን ለጎረቤቷ አቀብላ «አንቺ አንብቢው፣ ጉሮሮዬን አሞኛል» ብላ ነበር። ክፍል ውስጥም ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች አማርኛ የተማሩት ከፊት ያሉትን እየጠየቁ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ የየኔታ ገብረ ዮሐንስ ጸሐፊ የሆነችው።

የኔታ ገብረ ዮሐንስ የቅኔ መምህር ናቸው። ከከተማው ጫፍ፣ ቁልቁል የሚያስኬደው መንገድ ላይ ባለች የድንጋይ ጎጆ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀኙ ኖረው አንዱንም አልጻፉትም። ቅኔ ትኩስ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይቀርብም። በማኅሌት ላይ አንዴ ይባላል፣ የሰማ ያደንቃል፣ ያልሰማም ይቀርበታል። አሁን ግን ዓይናቸው እየደከመ፣ ተማሪው እየተመናመነ ሲሄድ አንዳንዱ ቅኔ ሌሊት እየመጣ ይጎበኛቸው ጀመር፤ እንዲቀመጥ የሚፈልግ ይመስላቸዋል።

ሰገነትን ያገኟት በር ላይ ነው። ተማሪዎቻቸውን ሲያስቀኙ ትመጣና ከበሩ ውጭ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ቢሏት መልስ አጣች። ደግመው ጠየቋት፤ አሁንም ዝም። የኔታም እንዲህ ዝም የሚል ሰው ለጽሕፈት ይሆናል ብለው አስገቧት። ሰገነት ይህን ሹመቷን ለሰው ስታወራ «ተፈትኜ ነው ያለፍሁት» ትላለች፤ ፈተናው መልስ ያለመስጠት መሆኑን ግን አትጨምርም።

መጀመሪያ በወረቀት ሞከሩት። የኔታ ግን አንዱን ቃል አምስት ጊዜ የሚለውጡ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱ በስርዝ ተጨማልቆ እሷም አታነበው፣ እሳቸውም አያዩት። በስልክ ድምፃቸውን ለመቅዳት የጠየቁ ዲያቆናት ነበሩ፤ «የተሳሳትሁት አብሮ ይቀራል» ብለው አባረሯቸው። በመጨረሻ ሰገነት ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ ፊደሉን አጉልታ፣ አጉልታ፣ አንዷ ቃል መስኮቱን ሙሉ እስክትይዝ ድረስ አሳበጠችው። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩ። የገዛ ቃላቸውን በዓይናቸው ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ይቺ የኔ ናት?» አሉ።

«የእርስዎ ናት የኔታ።»

«ወፍራለች። እንደ ባለጸጋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑ መደቡ ላይ፣ ከየኔታ ጉልበት አጠገብ ይቀመጣል። ሰገነት ደግሞ ከመደቡ በታች፣ አጎዛ ላይ። ተማሪ ከመምህሩ እኩል አይቀመጥም፤ ከፍ ብሎማ ጭራሽ። የኔታ አንድ ቀን «ኧረ ወንበር አምጪና ተቀመጪ» ብለዋት ነበር፤ አባባላቸው ግን ቤት የመጣን እንግዳ ምሳ በልቶ መምጣቱን እያወቁ «ብላ» እንደሚሉት ዓይነት ነበር። ሰገነት ይህን የመሰለውን ነገር አትስትም። ስለዚህ አጎዛው ላይ ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ከራሷ ከፍታ ላይ ትጽፋለች። ደግሞ በኮምፒውተር አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለቴም ሦስቴም መምታት አለ። ወሩ ሳያልቅ የእጅ አንጓዋ አብጦ ጠመኔ መያዝ አቃተው።

«እጅሽን ምን ነካው?» አሉ የኔታ አንድ ከሰዓት በኋላ።

«ምንም የኔታ።»

«ምንም ያልነካው እጅ እንዲያ አይራገፍም። ስሚኝ ልጄ። የሰው እጅ ሰብሬ የማስቀምጠው ቅኔ የለኝም። እስከ ትንሣኤ እንየው። ካልሆነ ኩልመስክ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ ና ብሎኛል። እዚያ እኖራለሁ፤ ይኼም ይቀራል።»

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ሰገነት ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የኔታ ኩልመስክ ከሄዱ ሁሉም ነገር አብሯቸው ይሄዳል፤ የተጻፈው ገና የጫፉ ጫፍ ነው።

መላውን ያመጣችው ሰብሌ ናት። «ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ግዢ። ላፕቶፑ እሳቸው ጋ ይንገሥ፤ አንቺ ኪቦርዱን ታቅፈሽ ታች ትቀመጫለሽ። ይኼ ምን ይከብዳል?»

የሚከብደው መምረጡ ነበር።

የአብዱልሀሚድ ሱቅ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ቻርጅ ያደርጋል፣ ከደሴ በጋሸና በኩል የሚያስመጣውን ዕቃ ይሸጣል። የሰውን ችግር ከራሱ ከሰውየው ቀድሞ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያውቃል። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ምን እንታዘዝ?»

«ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ… ካለ» አለች ሰገነት። «ከሌለም ግድ የለም።»

ሰብሌ በክርኗ ጎሸመቻት።

«ለምን ይጠፋል! የሚመች ነው አይደል የምትፈልጊው? አየሽ፣ የሚመች ማለት እንደ ሥራው ነው። ጽሕፈት ነው?»

«ጽሕፈት ነው።»

«ቢሮ ተቀምጠሽ ነው?»

ሰገነት ዓይኗን መሬት ጣለች። ይህ ሰው «ቲቸር» ሲላት ከመቀመጫው ይነሣል። ዲግሪ ያላት ሴት ፊደል እንደምትቆጥር ሕፃን መሬት ላይ፣ አጎዛ ላይ ተኮልኩላ ነው የምትጽፈው ልትለው ነው?

«ቢሮ» አለች።

ሰብሌ ዞር ብላ አየቻት።

አብዱልሀሚድ የሚሽከረከረውን ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጣት፤ ወንበሩን ከፍ፣ ዝቅ እያደረገ ከመስታወት ጠረጴዛው ጋር አስተካከለላት። ሦስት ዓይነት አመጣ። የመጀመሪያው ቀጭን፣ ጥቁር፣ የቁጥር ቁልፍ እንኳ የሌለው ትንሽ ነገር ነበር፤ «ይኼ ለቢሮ አይሆንም፣ የልጆች ነው» ብሎ ራሱ ወደ ጎን ገፋው። ሁለተኛውን እሷ እጇን ሳትጭንበት «ተራ ነው» ብሎ አነሣው። ሦስተኛውን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበ። ሰፊ ነው፤ መካከሉ እንደ ኮረብታ ጎበጥ ያለ፣ ከፊቱ ለእጅ አንጓ ማሳረፊያ የሚሆን ለስላሳ ትራስ ያለው። ማውሱ መዳፍ ይሞላል።

«እስቲ እጅሽን ጣል አድርጊበት።»

ጣል አደረገች። እጇ ተኛ። ወር ሙሉ የነዘራት አንጓ እፎይ አለ።

«ይመቻል?»

«ይመቻል» አለች ሰገነት፤ ዓይኗም ሊያነባ ምንም አልቀረው። በሕይወቷ ለነጋዴ እውነቱን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ኪቦርዱን አቅፋ ስትወጣ ደረቷን ነፍታ ነው፤ ሰብሌ ከኋላ «ጎበዝ፣ ዕቃ መረጥሽ» ብትላት እንኳ ዞር አላለችም።

በማግሥቱ የኔታ ቤት ገብታ አጎዛው ላይ ተቀመጠች። ኪቦርዱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

መስታወት ጠረጴዛ ላይ ኮረብታ የነበረው፣ ጉልበት ላይ ሲወጣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሆነ። ስፋቱ ከሁለት ጉልበቷ ያልፋል፤ በቀኝ ስትመታ በግራ ይነሣል፣ በግራ ስትመታ በቀኝ ይነሣል። በቀሚሷ ላይ እየተንሸራተተ ሁለቴ አጎዛው ላይ ተደፋ። ያ እጅ የሚያሳርፈው ትራስ አሁን ሆዷን ነው የሚገፋው። ስብስብ ብላ፣ በክርኗ ደግፋ፣ በአገጯም ጭምር ለመያዝ ስትሞክር የኔታ ከላይ ሆነው አዩዋት።

«የሚያመልጥ ነገር ነው?» አሉ።

«አይ የኔታ፤ ገና ስላልለመደኝ ነው።»

ማውሱ ይብስ ነበር። አጎዛ ጠጉር ነው፤ ማውሱን ስትገፋው ላፕቶፑ ላይ ያለችው ቀስት አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ቆማ ትቀራለች። መሬቱ ላይ ሞከረችው፤ አቧራ በላ። የኔታ መናገር ጀምረዋል፤ የመወድስ ቅኔያቸው መጀመሪያ ቤት ወጥቷል፤ መቸኮል አለባት። እጇ በራሱ አጠገቧ ያገኘውን ለስላሳ ነገር ሳበና ማውሱን አስቀመጠበት። ቀስቷ እንደ ሰለጠነ በቅሎ ትታዘዝ ጀመር። ሰገነት ደስ አላት። ደስ ብሏት እየጻፈች ሳለ ቤቱ ጸጥ ማለቱን ዘግይታ ሰማች።

ቀና ስትል የኔታ የሚያዩት እጇን ነው። ማውሱ የተቀመጠው በዳዊታቸው ማኅደር ላይ ነበር፤ ከመደቡ ጫፍ አንሥታ፣ ያንን በወዝ የጠቆረ ቆዳ።

«ልጄ፣ ያ ነገር ምንድን ነው የሚባለው?»

«ማውስ ነው የኔታ።»

«ምን ማለት ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ይል ነበር። ሰገነት ግን የኔታ ፊት የምትዋሸው ውሸት አልተገኘላትም። «አይጥ» አለች፣ ድምፅዋ እንደዚያች እንስሳ ቀጥኖ።

የኔታ ጥቂት አሰቡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከአይጥ የጠበቅሁት መጽሐፍ ነበር» አሉ። «አንቺ ደግሞ በእጅሽ አምጥተሽ አስቀመጥሽበት።»

ማኅደሩን ስማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰች። የኔታ አልተቆጡም፤ ከንፈራቸው እንዲያውም ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ግን መወድሳቸውን ሊቀጥሉ ሞከሩ። ሁለተኛውን ቤት አንድ ጊዜ አሉት፤ የቁልፉ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተከትሏቸው ተንኳኳ። ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ በረዶው እንደገና። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰገነት እጇን አነሣች፣ ትንፋሽዋንም ያዘች፤ ግን ዘግይታለች።

«ጠፋኝ» አሉ የኔታ። «ዜማው ሲሰበር ምሥጢሩም ሄደ።»

«የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው…»

«የማንም አይደለም። ብቻ ይቅር መሰለኝ ልጄ። ሁለታችንም ደከምን። ለወንድሜ እመጣለሁ እለዋለሁ።»

ያሉት በለሆሳስ ነው። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ ማልቀስ ይቻላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግን ኪቦርድ ታቅፎ መውጣት ነው ያለው፤ እሱም በሩ ላይ አንዴ ወደቀባት።

ማታ ቤቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ከሰሰችው። ክሱ ቀላል ነበር። ተጠርጣሪዋ ዕቃውን የመረጠችው በማትቀመጥበት ወንበር ላይ፣ በሌላት ጠረጴዛ፣ ለማትሠራበት ቢሮ ነው። ዐፈረች የተባለችበት ነገር ደግሞ ከየኔታ እግር ሥር መቀመጧ ነው፤ ለዚያ ቦታ ስንቱ ሊቅ እግሩን አጥፎ በተቀመጠ ነበር። መከላከያ አላቀረበችም። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ ሄዳ አብዱልሀሚድን «ለውጥልኝ» ማለት።

ፍርድና አፈጻጸም ለየቅል ናቸው። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ ኪቦርዱን በፌስታል ይዛ ሱቁ በር ላይ ደረሰች። አብዱልሀሚድ «ቲቸር! እንዴት ሆነልሽ? ተመቸሽ አይደል?» አላት፤ ፊቱ በርቷል። ሰገነት አፏን ከፈተች። «በጣም» የሚል ቃል ወጣ። ከዚያም ለመጣችበት ምክንያት ስላስፈለጋት የስልክ ቻርጀር ገዛች። ቤቷ ሌላ ሁለት ቻርጀር ነበራት። ሰብሌ ይህን ስትሰማ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገጠር የመጣው ሰው ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ አብዱልሀሚድ ጋ ሞልቷል። ከሁሉ የከፋውን ቀን የመረጠችው ድፍረት አግኝታ አይደለም፤ ነገ እሑድ ነው፣ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ዕቃቸውን መሰብሰብ እንደሚጀምሩ ሰምታለች። ፌስታሏን አቅፋ በሰዉ መሐል ተሽሎክሉካ ገባች።

«አብዱልሀሚድ… ይኼ ኪቦርድ አይመችም።»

«አይመችም?» ሰውየው ልቡ የተሰበረ መሰለ። «ትናንት እኮ በጣም ብለሽኝ! እስቲ ተቀመጪ።»

ወንበሩን ሳበላት። ተቀመጠች። ኪቦርዱን ከፊቷ አደረገላት። እጇን ጣል አደረገች። ኧረ ይመቻል። በጣም ይመቻል። ከበስተጀርባ ያሉት ሁሉ ይመቻት እንደሆነ ለማየት ተጠግተዋል።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አለ አብዱልሀሚድ።

ሰገነት ከወንበሩ ተነሣች። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ የሱቁ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ወደቀብሽ?» አለ አብዱልሀሚድ ደንግጦ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ወለሉን ይፈልግ ጀመር። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንሥተው ከሥሩ አዩ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ፈቀቅ አደረገች። «ጉትቻ ነው?» አለች። «ትንሽ ነገር ከሆነች በዚያች ስንጥቅ ገብታለች።»

«ምንም አልወደቀብኝም» አለች ሰገነት። ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አልፎ በሩ ድረስ ሄደ፤ ራሷንም አስደነገጣት። «የምሠራው እንዲህ ነው።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ። መሬት ላይ፣ አጎዛ ላይ። የኔታ ገብረ ዮሐንስ እግር ሥር።»

አብዱልሀሚድ ቀና አለ። «ታዲያ ያን ዕለት ቢሮ ያልሽኝስ?»

«ዐፍሬ ነው።»

ጆሮዋ እሳት ሆኖ ሳቁን ጠበቀች። የሳቀ የለም። የገጠሩ ሰው፣ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ማየት ምኑ እንደሚገርም አልገባውም። ሽማግሌው እንዲያውም «ደግ አደረግሽ» አሉ፤ «ወንበር ወገብ ይቆርጣል።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ቁርኣን የቀራሁት መሬት ላይ ነው፤ ሸኾቼ ፊት» አለ አብዱልሀሚድ። «እዚያም ማን ወንበር ሰጠኝ? ይኼን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ያን ገበታ የሚያክል ነገር አላሸክምሽም ነበር።» ጃኬቱን አውልቆ እሱም ከፊቷ ቁጢጥ አለ። «እሺ። ከመደርደሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ታች እናውርደው።»

«አጎዛ ላይ መሆን አለበት» አለች ሰገነት። አንዴ አፏ ተከፍቷል።

አጎዛውን የሰጡት ሽማግሌው ናቸው፤ ከገበያ ገዝተው በገመድ ጠቅልለው የያዙት ነበር። «አዲስ ነው፣ ጠጉሩ አልተበላም፤ ለፈተና ይሆናል» ብለው ዘረጉላት። ሰዉ ስልኩ እስኪሞላ ሌላ ሥራ የለውም፤ ከበባት።

አብዱልሀሚድ አንዱን አቀበላት። ጥቂት መታ መታ አደረገችው። «ይኼ ይጮኻል» አለች።

ሌላ ሰጣት። «ይኼ ይንሸራተታል።»

ሌላ። «ይኼ ደህና ነበር፤ ጠርዙ ጭኔን ይቆርጠኛል።»

በእያንዳንዱ እንቢታዋ ውስጧ የማታውቀው ሙቀት ይሰማት ነበር። ለካ ሰው «ይኼ አይሆንም» ሲል ጣሪያው አይወድቅም፤ ነጋዴው ሌላ ያመጣል፣ በቃ። እንዲያውም ትንሽ ሳታበዛው አልቀረችም፤ አብዱልሀሚድ በመሐል «ሻይ ላስመጣልሽ?» ቢላት «አይሆንም» ብላ ቆጣ አለችና፣ እሱ ዞር ካለ በኋላ ጉሮሮዋ ደርቆ መጠማቷን አወቀች።

በመጨረሻ ያ የመጀመሪያው፣ የልጆች የተባለው ጥቁር ቀጭን ኪቦርድ መጣ። ከሁለት ጉልበቷ መሐል ልክ ገባ። ከሥሩ ያለው ጎማ ቀሚሷን ያዘ፤ ፈቀቅ አላለም። ቁልፎቹን መታች፤ ድምፃቸው ሰው በጣቱ ነጠላ ሲዳስስ ያህል ነው። ክርኗን ጎኗ ላይ አሳርፋ፣ አንጓዋን ቀጥ አድርጋ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ከዚያም ሌላ። ማንም «ይመቻል?» ብሎ አልጠየቃትም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

አብሮት የሚሸጠው ማውስ ግን አጎዛው ላይ ሰከረ። አብዱልሀሚድ አገጩን አከከና ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ያለው ማውስ ጎኑ ላይ የምትሽከረከር ኳስ አለችው፤ እሱ ባለበት ይቀመጣል፣ በአውራ ጣት ኳሷን ነው የሚያንከባልሉት።

«ይኼን የገዛ ሁሉ ይመልስልኛል» አለ። «ብንገፋው አይሄድም ይላሉ።»

«አይሂድ» አለች ሰገነት። «የማይሄድ ነው የምፈልገው።» አጎዛው ላይ፣ ጠጉሩ ውስጥ አስቀመጠችው። ኳሷን ነካች፤ ቀስቷ ሄደች፣ በፈለገችበት ቆመች።

«እንግዲያው ያንን ጥንድ አፋትቼ ይኼን ላጋባልሽ ነው» አለ አብዱልሀሚድ። «ከየራሳቸው ጋር እነዚህ ሚጢጢ መቀበያዎች አሉ፤ ሁለቱንም ላፕቶፑ ጎን ትሰኪያቸዋለሽ። የባትሪ ድንጋያቸውን እኔ አዲስ አደርግልሻለሁ።»

ሽማግሌው አጎዛቸውን እያራገፉ «ለጋብቻው ምንጣፍ የሰጠሁ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሱቁም ያን ጊዜ ሳቀ። ሰገነትም ሳቀች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ቤት ስትደርስ ግማሹ ዕቃ በአቁማዳ ገብቷል። የኔታ መደባቸው ላይ ነበሩ። ሰላም ብላ ጉልበታቸውን ስማ፣ ሳይፈቅዱላት ላፕቶፑን እንደ ወትሮው አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ተነጋግረን ጨርሰን አልነበረም?»

«አንድ ቤት ብቻ ይሞክሩኝ የኔታ። ዜማው ከተሰበረብዎ እኔ ራሴ ዕቃዎን አሥሬ መኪና ድረስ እሸኝዎታለሁ።»

የኔታ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ይህን ያህል ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። እንቢ ለማለት ሳይዘጋጁ ቀሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የጠፋው መወድስ አልተመለሰም፤ የጠፋው ጠፍቷል። የመጣላቸው ሌላ ነበር፤ «ሥላሴ» የሚባለው ባለ ስድስት ቤት ቅኔ። የመጀመሪያውን ቤት አሉ። ሁለተኛውን አሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሰገነት ልቧ ጭኗ ላይ ካለው ኪቦርድ በላይ ይመታ ነበር።

«ተኝተሻል እንዴ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እየጻፍሁ ነው የኔታ።»

«ምንም አይሰማኝም።»

ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ። ሁለቱ ቤት በዚያ በወፍራም ፊደል ተሰልፎ ቆሟል። በጣታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፉ ቃል በቃል አዩት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቀጠሉ።

አራተኛው ቤት ላይ አንዲት ቃል አመለጠቻት። ወትሮ እንዲህ ሲሆን በግምት ጽፋ ታልፍና ሌሊቱን ስታስበው ታድራለች። አሁን ግን አፏ ቀደማት። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያችን ቃል አልሰማኋትም። ይድገሙልኝ።»

ሰገነት «አበቃልኝ» አለች በልቧ፤ የኔታን በመሐል የሚያቋርጥ ተማሪ ምን እንደሚያጋጥመው በሩ ላይ ቆማ በሰማችበት ዘመን አውቃዋለች።

የኔታ ቃሏን ደገሟት። እንደገናም ቀስ ብለው ለራሳቸው አሏት። ምላሳቸው ላይ አንከባለሏት። «ስደግማት ለካ ሻካራ ናት» አሉ። «ተያት እሷን። በቦታዋ ይቺን ጻፊ» ብለው ሌላ ሰጧት። የተለወጠችው ቃል ገብታ ቤቱ ሲቆም፣ ሰገነት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ሁሉ አንድ ላይ አጥንቷ ውስጥ ነዘራት። ቀና ብላ ብታይ የኔታም እንደዚያው ናቸው፤ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ስድስተኛው ቤት ሲያልቅ ፀሐይ ከበሩ ወደ ግድግዳው ወጥታ ነበር። የኔታ አቁማዳውን አዩት።

«ኩልመስክስ የኔታ?» አለች ሰገነት ፈራ ተባ እያለች። «ወንድምዎ ይጠብቁ የለ?»

«ይጠብቅ እንጂ። ኩልመስክ የት ትሄዳለች?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ በሩ አመለከቱ። «በይ አሁን ሂጂ፤ ምሳ ሳትበዪ ዋልሽ።»

ሰገነት ለመነሣት ሞከረች። እጇ ደህና ነበር፤ አንጓዋ ዛሬ አንዴም አልነዘራትም። እግሮቿ ግን ከቀሚሷ ሥር መኖራቸውን የሚያሳይ ምልክት አልነበረም። አንዱን በእጇ አንሥታ አቃናችው፤ ተመልሶ ታጠፈ። ግድግዳውን ይዛ ግማሽ ድረስ ተነሣችና ተመልሳ አጎዛው ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው?» አሉ የኔታ።

«እግሬ ደንዝዞብኝ ነው። ትንሽ ቆይቼ ልሂድ?»

«መቆየትሽ ካልቀረ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ፣ «ጻፊ።»